አሥራ ዘጠነኛው ደብዳቤ

ስልኬ ሲንቀጠቀጥ ለሃያ ሁለት የባንክ ሠራተኞች ስለ እረፍት እያስተማርኩ ነበር። "ትከሻችሁን ልቀቁት፤ መንጋጋችሁን ልቀቁት፤ ቀስ ብላችሁ ተንፍሱ" እላለሁ፣ የራሴ እግር ግን ጠረጴዛው ሥር እንደ ስፌት መኪና ይርገበገባል። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የተባለችው እኔ ነኝ። ሥራዬ ይኸው ነው፤ ሥራ ያንገሸገሻቸውን፣ እንቅልፍ አጥተው የገዛ ልጃቸውን ልደት እስከ መርሳት የደረሱትን ሰብስቤ፣ ሰው ራሱን ሳይጨርስ እንዴት መሥራት እንደሚችል እመክራለሁ። እናቴ አንቱ የተባለች የቀዶ ሕክምና ሐኪም ናት፤ "ሰውን አርፈህ ተቀመጥ ለማለት ነው ያን ሁሉ ዓመት የተማርሽው?" ትለኛለች።

ስልኩ ለሁለተኛ ጊዜ ተንቀጠቀጠ። ሠልጣኞቼ ዓይናቸውን ጨፍነዋል። በእግሬ ጣት እየተራመድኩ ወደ ኮሪደሩ ወጣሁ።

ደዋይዋ የአምቡላንስ ጥሪ ማዕከሉ የፈረቃ ኃላፊ ናት፤ ትልቁም ትንሹም "እትዬ" ነው የሚላት።

"ተንፍሱ፣ አለሽ?" አለችኝ። ማዕከሉ ውስጥ ያወጡልኝ ስም ነው።

"አለሁ እትዬ፣ ምነው?"

"በሰው ነገር ጥልቅ ማለት አልወድም፤ ግን ሆዴ አላስችል አለኝ። ልጁ ሊሄድ ነው።"

"የቱ ልጅ?" አልኩ፣ ዓይኔን በጨው ታጥቤ።

"ይህን ለማያውቅሽ! የስድስት ቁጥር ወንበሩን ነዋ። አዲስ ወደተከፈተው ማዕከል ልዛወር ብሎ ፈርሟል። የአንድ ቀን ሙሉ መንገድ፣ ለአንድ ዓመት። እሁድ ጠዋት ይነሳል። ዛሬ እዚህ የመጨረሻ ፈረቃው ነው፣ አሥር ሰዓት ላይ ይወጣል።"

"ምን ነክቶት?"

"እሱንማ አንቺ ንገሪኝ። ያ ደብዳቤ በደረሰው ማግስት ነው የፈረመው። ከዚያ ወዲህ ስምሽ ሲነሳ ክፍሉን ጥሎ ይወጣል።"

የትኛው ደብዳቤ እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለገኝም። በገዛ እጄ ፖስታ ቤት ወስጄ የላክሁለት ነው። ያልገባኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሰው የራሱ ደብዳቤ ተመለሰለት ብሎ አገር ጥሎ ይሄዳል?

ወደ ክፍሉ ተመለስኩ። "የዛሬው የቤት ሥራ ቤት ገብቶ መተኛት ነው" ብዬ ሃያ ሁለቱንም በተንኳቸው። አንዱ ወፍራም ሰውዬ አንቀላፍቶ ስለነበር ጓደኞቹ እየሳቁ ቀሰቀሱት። እኔ ቦርሳዬን አንጠልጥዬ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን ወረድኩት።

ታክሲ ውስጥ ሾፌሩ ደጋግሞ በመስታወት አየኝ። "እህቴ፣ እግርሽን ብታቆሚው መኪናዋ ቀጥ ብላ ትሄድልኝ ነበር" አለኝ። ሌላ ቀን ቢሆን እስቅ ነበር። ያን ቀን ሰዓቴን አየሁ፤ ስምንት ተኩል አልፏል።

ከሰባት ወር በፊት ነው ያወቅሁት። ማዕከሉ አሥራ ዘጠኝ ጥሪ ተቀባዮቹን እንዳሠለጥንለት ቀጠረኝ፤ በሳምንት አንድ ቀን፣ ለአሥራ ሁለት ሳምንት። የመጀመሪያው ዕለት ምን እንደሚያደክማቸው እየዞርኩ ጠየቅሁ። አንዱ ወንበሩ አለ፣ አንዷ አለቃዬ አለች፣ ሌላው ባለቤቴ ብሎ ሁሉንም አሳቀ። በሩ አጠገብ የተቀመጠው ረጅሙ ልጅ ግን የጆሮ ማዳመጫውን ገመድ በሁለት ጣቶቹ ላይ እየጠመጠመ ትንሽ ቆየ።

"መጨረሻውን አለማወቅ" አለ። "አንዲት እናት ልጄ አይተነፍስም ብላ ትደውላለች። አምቡላንሱ እስኪደርስ ከእሷ ጋር እቆያለሁ። ሲደርስ ስልኩ ይዘጋል። ልጁ ተርፎ ይሁን አይሁን የሚነግረኝ የለም። ወዲያው ሌላ ሰው ይደውላል።"

ቀና ብሎ አየኝ። እኔም አየሁት። ቀጥዬ ልናገር ያሰብኩት ነገር ከአፌ ጠፋ፤ ወረቀቴን ባገላብጥም አላገኘሁትም።

በየሳምንቱ የሚጽፉትን ወረቀት ቤቴ ወስጄ አነብና በአረንጓዴ እስክሪብቶ መልስ ጽፌ እመልስላቸዋለሁ። የእሱን ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ አስቀምጠው ነበር። እሱ ሦስት መስመር ይጽፋል፣ እኔ አምስት እመልሳለሁ። ከዚያ እሱ ስምንት ይጽፋል። ፊት ለፊት ስንገናኝ "እርስዎ" ነው የምንባባለው። በሥልጠና ወቅት ከሠልጣኝ ጋር ከሥራ ያለፈ ነገር ክልክል ነው፤ ደንቡን ደግሞ የሙጥኝ ብዬ ይዤዋለሁ። እሱ ከአባቱ ጋር ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ይኖራል፤ አባቱ የጋራዥ ሠራተኛ ናቸው። እናቴ በበኩሏ አብሯት የሚሠራ የማደንዘዣ ሐኪም መርጣልኛለች። ሐኪሙ ቤታችን ሲመጣ እጁን ይታጠባል፣ ስለ ሥራው ያወራል፣ እጁን ይታጠባል፣ ይሄዳል።

የመጨረሻው ቀን የማሠራው ነገር አለ፤ እያንዳንዱ ሰው ለራሱ ደብዳቤ ይጽፋል። ዘጠና ቀን ካለፈ በኋላ፣ ድካሙ ተመልሶ ሲመጣ፣ ለራሱ ሊነግረው የሚፈልገውን። አሽጎ፣ አድራሻውን ጽፎ ይሰጠኛል። እኔ ሳልከፍት መሳቢያዬ ውስጥ አኑሬ በዘጠናኛው ቀን እልክለታለሁ። ያን ቀን እሱ ሃያ ደቂቃ አርፍዶ ገባ፤ ረጅም ጥሪ ይዞት ነው። ሌሎቹ ግማሽ ገጽ ጽፈው ሲወጡ እሱ ጎንበስ እንዳለ ቀረ። የሰጠኝ ፖስታ ወፍራም ነበር።

ሥልጠናው አለቀ፣ ደንቡም አብሮት አለቀ። አሁን ይደውላል አልኩ። አልደወለም። ረስቶኛል አልኩ። ዘጠናኛው ቀን ሲደርስ አሥራ ስምንቱን ደብዳቤ ላክሁ። የእሱን አልላክሁም። ፖስታ ቤቱ በር ላይ ደርሼ ወደ ቦርሳዬ መለስኩት። ለአሥራ አራት ቀን መሳቢያውን እየከፈትኩ አየሁት። በመጨረሻ በራሴ አፈርኩና ላክሁት። በቃ፣ የማውቀው ይህን ያህል ነው።

ማዕከሉ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሊፍቱ ሲዘገይብኝ በደረጃው ወጥቼ ስደርስ ቁና ቁና እተነፍሳለሁ። አዳራሹን ከኮሪደሩ የሚለየው ወፍራም መስታወት ነው፤ የሚያወሩት አይሰማም፣ ከንፈራቸው ብቻ ሲንቀሳቀስ ይታያል። ስድስተኛው ወንበር ላይ ነበር። እየቆጠረ ነው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት... ሠላሳ ሲደርስ ቆም ይልና እንደገና ይጀምራል። የሆነ ቤት ውስጥ አንድ ሰው መሬት ላይ ተዘርግቷል፣ ሌላ ሰው በእሱ ቁጥር ደረቱን ይጫናል። ሳላውቀው ከመስታወቱ ወዲህ አብሬው መቁጠር ጀመርኩ። ብዙ ቆየ። ከዚያ ዝም አለ፣ ማዳመጫውን አወለቀ፣ ጣሪያውን አየ።

ጣሪያውን አይቶ ሲጨርስ እኔን አየኝ። ዓይን ለዓይን ተጋጨን። ፊቱን አዞረ፣ ማዳመጫውን መልሶ ሊያጠልቅ ሲል እትዬ ደርሳ ከእጁ ወሰደችው። ምን እንዳለችው አልሰማሁም፤ በአገጯ ግን ወደ ማረፊያ ክፍሉ ጠቆመችው። በየሁለት ሰዓቱ አሥር ደቂቃ እረፍት አላቸው። አለቆቹን ስድስት ሳምንት ተጨቃጭቄ ያስፈቀድኩላቸው እኔ ነኝ። እነሆ አሥር ደቂቃ ደረሰኝ።

ክፍሉ ውስጥ ሁለት ሶፋ፣ የውሃ ማቀዝቀዣና ወደ መኪና ማቆሚያው የሚያሳይ መስኮት አለ። ታች ሁለት ሰዎች አምቡላንስ ያጥባሉ። እሱ መስኮቱ አጠገብ ቆመ። እኔ መቀመጥ አልቻልኩም።

"እንደምን ዋሉ" አለኝ።

"ሊሄዱ ነው አሉ።"

"አዎ።"

"ለምን?"

"ለሥራ።"

"ይህንን ለአለቆችዎ ይንገሩ።"

ዞረ። ከስቷል። "መልሱ እኮ ደርሶኛል" አለ። "አላስቸገርኩዎትም፣ አልደወልኩም፣ ደጅዎ አልቆምኩም። ታዲያ እዚህ ድረስ መጥተው ምን ሊጨምሩበት ነው?"

"የምን መልስ? የሁሉንም ሰው ደብዳቤ እኮ መልሻለሁ። ለራስዎ የጻፉትን ነው የላክሁልዎ።"

"ለራሴ አልጻፍኩም።"

"ታዲያ ለማን?" አልኩ።

"ለአንቺ ነው የጻፍኩት" አለ። በሰባት ወር ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ "አንቺ" ያለኝ ያኔ ነው፣ ያውም በቁጣ። "አርፍጄ ስገባ ምን እንደምንሠራ ከጎኔ ያለውን ጠየቅሁት። ደብዳቤ ጻፍ፣ አሽገው፣ አድራሻህን ጽፈህ ስጣት አለኝ። ለማን እንደሚጻፍ አልነገረኝም። አሥራ አንድ ሳምንት ሙሉ የጻፍኩትን ሁሉ ስታነቢ ኖረሽ አሥራ ሁለተኛውን አታነቢም ብዬ በምን ልጠርጥር?"

"እኔ... መግቢያው ላይ ተናግሬ..."

"መግቢያው ላይ አልነበርኩማ! ጻፍኩት፣ ሰጠሁሽ፣ መጠበቅ ጀመርኩ። ዘጠናኛው ቀን የሁሉም ሰው ደብዳቤ መጣ። ነገሩ ያኔ ገባኝ። ለካ አታነብም ብዬ በራሴ ሳቅኩ፤ ነገ የእኔም እንደታሸገ ይመጣል፣ ምንም አልተፈጠረም አልኩ። ግን አልመጣም። በማግስቱም አልመጣም። የአሥራ ስምንት ሰው ልካ የእኔን ብቻ ለምን ታስቀራለች? ከፍታዋለች አልኩ። አንብባዋለች፣ መልስ እየጻፈች ነው። አባቴ ጋራዥ ድረስ ሄጄ አዲስ ሸሚዝ ልገዛ ነው አልኩት። ሽማግሌው ሳቀብኝ።" "በአሥራ አራተኛው ቀን መጣ። ሳይከፈት፣ ከነማሸጊያው። አሥራ አራት ቀን አስበሽበት፣ ሊነበብ እንኳ አይገባውም ብለሽ መለስሽው።"

ሶፋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩና ወዲያው ተነሳሁ። እሱ መጨረሻውን አለማወቅ ያደክመኛል ብሎ የነገረኝ ሰው ነው። እኔ ደግሞ መቶ አራት ቀን መልስ ሳልሰጠው መስመር ላይ አቆየሁት።

"ሳስቀረው አላውቅም ነበር" አልኩት። "በአምላክ ስም፣ አላውቅም ነበር። ለአንተው የተጻፈ መስሎኝ ነው።"

"ታዲያ ለምን አስቀረሽው?"

"መለየት አቅቶኛ! ካንተ የቀረኝ ነገር እሱ ብቻ ነበር። እሱን ከላክሁ ምን ይቀረኛል?"

ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "እሺ፣ ለምን አልከፈትሽውም?" አለኝ።

"ደንብ ስለሆነ..."

"ደንቡንማ ጥሰሽዋል። አሥራ አራት ቀን አሳልፈሻል።"

ከዚህ በኋላ የምደበቅበት አልነበረኝም። ሰው የሆዱን አውጥቶ እንዲናገር የማስተምረው እኔ፣ ላብ አጠመቀኝ።

"ፈርቼ ነው" አልኩ። "በመስኮት ብርሃን አይቼዋለሁ፣ አልታይ አለኝ። አንድ ቀን በማንቆርቆሪያ እንፋሎት ላይ ያዝኩት። ሙጫው መላቀቅ ሲጀምር ደንግጬ በመዳፌ ተጭኜ መልሼ ለጠፍኩት።"

"ጠርዙ የተጨማደደው ለዚህ ነው?" አለ። ሊስቅ ምንም አልቀረውም ነበር።

"ለዚህ ነው። ከፍቼው ስለ እኔ አንድም ቃል ባይኖርበትስ? ስለ እንቅልፍህ፣ ስለ ወንበርህ ብቻ ቢሆንስ? ሳልከፍተው ሳለሁ ቢያንስ ተስፋ ነበረኝ።"

ሳቁ ከፊቱ ጠፋ። "ሰው በሁለት ደቂቃ ውስጥ ስሙን፣ ቤቱን፣ ልጁ እየሞተበት እንደሆነ ይነግረኛል። አንቺ በመቶ አራት ቀን 'ደህና ነህ ወይ' ማለት አቃተሽ?"

"አንተስ?" አልኩ፤ ተናደድኩ፣ በእሱም በራሴም። "ቀኑን ሙሉ ስልክ ስታነሳ ትውል የለም? ለእኔ መደወል ነው የከበደህ?"

"ስልክ ማንሳት ደግሞ ምን ያደክማል!" አለ።

ቀዘቀዝኩ። የእናቴ ቃል ነው። የጥሪ ተቀባዮች ሥልጠና መጀመሬን ስነግራት ያለችው ነው፤ እኔ ደግሞ በሦስተኛው ሳምንት ሰዉን ላስቅ ብዬ ክፍል ውስጥ ተናግሬዋለሁ።

"ሁሉም ስቋል" አለ። "እኔም ስቄያለሁ። ቤት ገብቼ ግን አልሳቅኩም። የጋራዥ ሠራተኛ ልጅ እናንተ በር ላይ ቆሞ ማን ነኝ ይላል? ስለዚህ መደወሉን ትቼ ጻፍኩ። ብጽፍ ይሻላል ብዬ።"

"ደብዳቤው የት አለ?"

"ቀደድኩት።"

"ምን ይል ነበር?"

"እሱን የጻፈው ሰውዬ ዛሬ የለም" አለና ሰዓቱን አየ። ሦስት ደቂቃ ቀርቶታል። ፊቱን ወደ መስኮቱ መለሰ፤ አምቡላንሱን አጥበው ጨርሰው ጎማውን ያደርቃሉ። ጀርባውን ሳየው ሊያመልጠኝ እንደሆነ አወቅሁ። ይቅርታዬን ሰምቷል፣ ገብቶታልም፣ ግን አልበቃውም። እኔም ብሆን አይበቃኝም።

ካፈርኩ አይመልሰኝ ብዬ ስልኬን አወጣሁና እናቴ ጋር ደወልኩ። ድምፁን ከፍ አደረግሁት።

"ወዬ፣ ቶሎ በይ፣ ስብሰባ ልገባ ነው" አለች።

"እማዬ፣ የምወደው ሰው አለ።"

እሱ ከመስኮቱ ዞረ።

"እሰይ!" አለች እናቴ። "እኔ እኮ ለማደንዘዣ ሐኪሙ ጊዜ ስጪው ስልሽ..."

"እሱንማ ማደንዘዣ ወግተውኝም አልወደው። ሌላ ሰው ነው። የአምቡላንስ ጥሪ ተቀባይ ነው። ስልክ ማንሳት ምን ያደክማል ያልሻቸው። አባቱ ጋራዥ ነው የሚሠሩት። እሁድ ሩቅ ከተማ ሊሄድብኝ ነው፣ በእኔ ጥፋት። አሁን አጠገቤ ቆሞ ይሰማሻል።"

በእሷ በኩል በር ሲዘጋ ተሰማኝ፣ ከዚያ የጫማዋ ኮቴ።

"እኔ በጓዳ የተናገርኩትን ይዘሽ አደባባይ ታወጪብኛለሽ?" አለች።

"አዎ፣ አጥፍቻለሁ።"

"አንቺ ብቻሽን አይደለሽም ያጠፋሽው" አለች። ኮራ ያለው ድምፅዋ ላላ። "እሱስ? እሱ ይወድሻል?"

አየሁት። ፊቱ ላይ የማነበው ነገር አልነበረም። ልዋሽ አልኩ፣ አልቻልኩም።

"አላውቅም እማዬ።"

በሩ ተንኳኳ። እትዬ አንገቷን አስገባች። "ልጄ፣ ይቅርታ፣ ሦስት ጥሪ ተደራርቧል።" እሱ ምንም ሳይል አጠገቤ አልፎ ሄደ፣ የበሩን እጀታ ያዘ። አለቀ አልኩ በሆዴ። አለቀ።

እጀታውን ለቀቀው። ሁለት እርምጃ ተመልሶ እጄ ላይ ወዳለው ስልክ ጎንበስ አለ፤ ትንፋሹ ጣቶቼን ነካኝ።

"እናቴ፣ ልጅዎን እወዳታለሁ" አለ። "ተናድጄባታለሁ። እሁድም እሄዳለሁ፣ ፈርሜያለሁ። ግን እወዳታለሁ።"

ቀና ሳይል ወጣ። ኮሪደሩ ላይ ሲሮጥ ሰማሁት።

"ሄደ?" አለች እናቴ።

"ሄደ።"

"ምን ዓይነት ሰው ነው እንዲህ ብሎ ጥሎ የሚሄደው?"

"ሰው እየጠራው ነው እማዬ።"

ሳቅ ልጀምር ስል እንባ ቀደመኝ። እሁድ ቅርብ ነው፤ ዓመት ደግሞ ረጅም ነው። ቁጣው ይብረድ አይብረድ አላውቅም። ሸሚዙን ይግዛው አይግዛው አልጠየቅሁትም። ይወደኛል። ይወደኛል፣ እኔ ደግሞ መቶ አራት ቀን አባከንኩበት።

"ስብሰባሽ ረፈደብሽ" አልኳት በሳግ።

"ይርፈድ።"

"እማዬ፣ እባክሽ አትዝጊው።"

"አልዘጋም" አለችኝ። "አልቅሺ፣ እኔ አለሁ።"

እኔም ሶፋው ላይ ቁጭ ብዬ፣ ስልኩን ጉንጬ ላይ ለጥፌ፣ ከልጅነቴ ወዲህ አልቅሼ በማላውቀው ዓይነት ለቅሶ አለቀስኩ።